ወፍጮው ባዶውን ሲጣራ

ካምፓላ፣ ኪሱጉ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ሰነበቱ አባዬ? ጉልበትዎስ ብርዱን ቻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

ደብዳቤዎን ሰዓዳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። እህቴ ስታነሳ ቸኩላ ነው መሰል የመጨረሻው መስመር ተቆርጧል። «ጭስ በምን ይመዘናል?» የሚለው ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ እሱን ልመልስ።

ጭሱን አንመዝነውም። የምንመዝነው የሚቃጠለውን ነው። የተቀጠርኩበት ጥናት የዩጋንዳ ምግብ ከማሳ ተነስቶ ሳህን ላይ እስኪቀርብ በየመንገዱ ስንት ናፍጣ፣ ስንት ከሰል፣ ስንት መብራት እንደሚበላ ይቆጥራል። ከዚያ ያ ሁሉ ምን ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ ሰማይ እንደሚሰድ በስሌት ይወጣል። የእኔ ድርሻ ወፍጮ ቤት፣ ወተት ማቀዝቀዣና የምግብ ቤት ምድጃ ነው። ጠዋት ሚዛኔን ይዤ ቦዳ ላይ እፈናጠጣለሁ፤ ቦዳ የሚሉት ሰው የሚያመላልሰውን ሞተር ብስክሌት ነው። ባለፈው ማቶኬ የሚሉትን አረንጓዴ ሙዝ የምትቀቅል አንዲት ሴትዮ ከሰሏን ልመዝን ብላት ሳቀችና፣ ሌላው ሰው ምግቡን ይመዝናል፣ አንቺ እሳቱን ትመዝኛለሽ አለችኝ። እኔም ሳስበው ሳቄ መጣ። አባዬ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ገደማ ጋዝ እንደሚወጣው ያውቁ ነበር? እኔ ወፍጮ ቤት ተወልጄ አላውቅም ነበር።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። ስደውል ሰዓዳ «ተኝቷል» ትለኛለች። ባለፈው ጁምዓ «ገበያ ወጥቷል» አለችኝ፤ በጁምዓ እርስዎ ከመስጊድ ሌላ የሚሄዱበት ገበያ መቼ ነው የተከፈተው? ድምፅዎን ከሰማሁ ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው። ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ናኢማ


ደጋን
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ናኢማ፣ ወዐለይኪ ሰላም።

ምንም አላስቀየምሽኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ አይውጣ። ስልክ የሚሉት ነገር ወሬ ያሯሩጣል፣ ሰው የተናገረውን ሳይጨርስ ይቆረጣል። ደብዳቤ ግን ተቀምጦ ይጠብቅሻል። ባነበብኩት ቁጥር አዲስ ነው። ስለዚህ ጻፊልኝ፣ እኔም እጽፋለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው።

ይልቅ ናፍጣው እንቅልፍ ነሳኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ናፍጣ የቀዳሁ ሰው ነኝ። አንድ ሊትር ናፍጣ አንድ ኪሎ እንደማይሞላ አንቺም ታውቂያለሽ። ታዲያ ከአንድ ኪሎ ያነሰ ነገር እንዴት ብሎ ከሁለት ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ጋዝ ይወልዳል? ለሰዓዳ ባል ለሰፍዋን ብነግረው «ናኢማ የነጥቡ ቦታ ጠፍቷት ይሆናል» ብሎ ጽፎ አሳየኝ። እኔ ግን ልጄ ነጥብ እንደማትስት አውቃለሁ። አስረጂኝ።

ወፍጮውን አሁን የያዘው ሰፍዋን ነው፤ በመብራት ሆኗል። የድሮው የናፍጣ ሞተር ጓሮ ተቀምጦ ዶሮ ይሰፍርበታል። አንዳንድ ጠዋት ሄጄ እጄን ጣል አደርግበታለሁ፤ ሰው እንዳያየኝ ነው እንጂ እንደ በሬ ደባብሼው እመለሳለሁ።

የዚያ አገር ወፍጮ ድንጋይ ነው ወይስ ብረት? ጤፍስ የሚፈጭ አለ? እንዴት ነው የሚሠሩት? ሁሉንም ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ። እናትሽ አላህ ይዘንላትና፣ «ይህቺ ልጅ ጥያቄዋን ካንተ ነው የወሰደችው» ትል ነበር።

አባትሽ ጣሂር


ካምፓላ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ነጥቤ በቦታው ነው፤ ለሰፍዋን ይንገሩልኝ። ናፍጣው ሲቃጠል ብቻውን አይቃጠልም፤ ከአየር ላይ ኦክስጅን ይዞ ነው ጋዝ የሚሆነው። ክብደቱን የጨመረው ከአየር የወሰደው ነው። ባዶ እጁን ገበያ ወጥቶ ተሸክሞ እንደሚመለስ ሰው ይቁጠሩት።

እዚህ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄት የሚፈጩት ወፍጮው ውስጥ በሚሽከረከር የብረት መዶሻ ነው። ከጂንጃ መንገድ ዳር፣ ናካዋ ገበያ ጀርባ ግን የእኛው ሰው የድንጋይ ወፍጮ አለ። ባለቤቷ እትዬ ፋንቱ ይባላሉ፤ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፣ እዚህ አሥራ አራት ዓመት ኖረዋል። ጤፍና ሽሮ ይፈጫሉ። ከኪሱጉም ከኪዋቱሌም የኛ ሴቶች እህላቸውን በቦዳ ጭነው ይመጣሉ። መጀመሪያ ቀን የወፍጮው ድምፅ ሲመጣልኝ እግሬ ቆመ፤ እርስዎ በር ላይ ዱቄት ለብሰው የቆሙ መሰለኝ።

የጨነቀኝም እዚያው ነው። ከምመዘግባቸው ወፍጮዎች ሌሎቹ ለአንድ ኩንታል ሁለት ሊትር ገደማ ናፍጣ ይበቃቸዋል። የእትዬ ፋንቱ አራት ሊትር ይፈጃል። ጠዋት በርሜሉን እለካለሁ፣ ማታ እለካለሁ፣ የተፈጨውን እመዝናለሁ፤ በየቀኑ አራት ነው። አለቃዬ ጠንቃቃ ሴት ናት፣ ነገር አትወድም፤ ቁጥሩን አይታ፣ ወይ ሴትዮዋ ናፍጣውን ለሌላ ይሸጡታል፣ ወይ አንቺ መለካት አትችዪም አለችኝ። እስከ ጥር ሰባት ምክንያቱን ካላገኘሁ ወፍጮው ከጥናቱ ይወጣል፣ የእኔም ውል አይታደስም።

አባዬ፣ ይህን ሥራ እወደዋለሁ። በሕይወቴ ጥያቄ ስለጠየቅሁ ደመወዝ ሲከፈለኝ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ፋንቱንም በማላውቀው ሌባ ብዬ ልጽፋቸው አልችልም።

ስለዚህ የወፍጮውን ድምፅ ቀድቼ ዛሬ በሰዓዳ ስልክ ልኬልዎታለሁ። እርስዎ አልጋዎ ላይ ሆነው የጎረቤት ሞተር ምን እንደጎደለው ያውቁ አልነበር? እባክዎ ያዳምጡልኝ።

ናኢማ


ደጋን
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ናኢማ፣

የላክሽው ደርሶኛል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ድንጋዩ ደንዟል። ንክሻ የለውም። የደነዘ ድንጋይ እህሉን ያሸዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ሞተሩ በከንቱ ይደክማል፣ ናፍጣ ይጠጣል። መውቀር የሚያውቅ ሰው ፈልጊና ይወቀር። ተወቅሮ ሲያበቃ ጥቂት ፉርሽካ ያስፈጩበትና ይድፉት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ዱቄት አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ደንበኛ ያኮርፋል።

አትጨነቂ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አባትሽ


ካምፓላ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

እንዳሉኝ አደረግሁ። እትዬ ፋንቱ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ የነቢያት ጾም ነው፣ የሽሮ ወቅት ነው፣ እንዴት ወፍጮ ይዘጋል አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ወፍጮ የያዘ አባት እንዳለኝ ነግሬ አሳመንኳቸው። ኪዋቱሌ ጋሽ ከተማ የሚባሉ መውቀር የሚያውቁ ሽማግሌ አሉ፤ ለምኜ አመጣኋቸው። ሁለት ቀን ተዘጋ። ደንበኛ መጥቶ ተመለሰ።

ጋሽ ከተማ ድንጋዩን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ዳበሱትና ቀና ብለው አዩኝ። «ማነው ደንዟል ያለሽ? ይኼ ከተወቀረ ሦስት ወር አይሞላውም።» አባቴ ነው አልኳቸው። አባት ሲባል ጊዜ ሥራቸውን ጀመሩ።

ከዚያ ለካሁ። ሩብ ሊትር እንኳ አልቀነሰም። እትዬ ፋንቱ ክፉ አልተናገሩኝም፤ እንደወትሯቸው ሻይ ግን አላቀረቡልኝም። አለቃዬም ቀኑን አስታወሰችኝ።

አልተቆጣሁም አባዬ። ሰው ይሳሳታል። ግን እርስዎ በወፍጮ ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም፤ የገረመኝ እሱ ነው።

ናኢማ


ካምፓላ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣

መልስዎ ሳይመጣ ደግሜ የምጽፈው ሌሊቱን ሙሉ ስላሰብኩበት ነው።

ዛሬ ስልኬ ላይ የቀዳኋቸውን ድምፆች ሳስተካክል፣ ኅዳር ዘጠኝ የላክሁልዎትን ከፍቼ ሰማሁት። የወፍጮው አይደለም። ያን ዕለት ጠዋት ኪዋቱሌ ወተት ማቀዝቀዣ ሄጄ ነበር፤ የላክሁልዎት የዚያን ማሽን ድምፅ ነው። እምምም ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። መካከል ላይ ደግሞ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «በሩን ዝጊው» ይለኛል፣ እኔም እስቃለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አፉ ይበሉኝ። ግን የማቀዝቀዣን ድምፅ ከድንጋይ የማይለይ አባት የለኝም። ስሳቅም ሰምተው ቢሆን ኖሮ ምን አሳቀሽ ብለው ይጽፉልኝ ነበር።

አባዬ፣ ምን ነበር የሰሙት?

ናኢማ


ደጋን
ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

ምንም አልሰማሁም።

ቀኝ ጆሮዬ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ግራው ባለፈው ረመዳን ተከተለው። ሰዓዳን ያስማልኳት እኔ ነኝ፤ አትቆጪያት። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ብትሰሚ ሥራሽን ጥለሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ። ሌላም አለ፣ ይኸኛውን ለመጻፍ አፈርኩ፤ ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ጆሮው ከጠፋ ምን ቀረው? ልጁ እንኳ የምትፈልገው ጆሮውን ነው።

ያንን ድምፅ ሰዓዳ ስልኩን መዳፌ ላይ አድርጋ ከፈተችልኝ። በስሱ ይንቀጠቀጣል። ወጣ ገባ የለውም፣ ንክሻ የለውም። በእጄ የማውቅ መሰለኝና ድንጋዩ ደንዟል ብዬ ጻፍኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። እትዬ ፋንቱን ሁለት ቀን ያዘጋሁባቸው እኔ ነኝ፤ ይቅርታዬን ንገሪያቸው። አንቺንም አሳፈርኩሽ።

አሁን ጆሮ የማይፈልግ ነገር ልንገርሽ። ደብዳቤዎችሽን መልሼ አነበብኩ። በርሜሉን ጠዋት ትለኪያለሽ፣ ማታ ትለኪያለሽ። በመካከሉ የት ነሽ? ሂጂና አንድ ቀን ሙሉ ተቀመጪ። ሞተሩ አፉ ውስጥ እህል ሳይኖር ስንት ሰዓት ይዞራል?

ለምን እንደጠየቅሁሽ ልንገርሽ። የእኛ ሰው እህሉ ከሰው እህል ጋር እንዲቀላቀልበት አይወድም። እያንዳንዷ የራሷን ይዛ ትመጣለች፣ ከአፉ ሥር ቆማ ታስፈጫለች፣ ታዝላለች፣ ከዚያ የሚቀጥለዋ እስክትመጣ ይጠበቃል። እኔ ያን ጊዜ ሞተሩን አጥፍቼ አላውቅም። ወፍጮ ድምፁ ካልተሰማ ዝግ ነው ይባላላ! ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ቆርቆሮ የገጠምኩለት ትዝ ይልሻል? ቱክ ቱክ እያለ ከወንዙ ማዶ ድረስ ሰው እንዲጣራልኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ይጣራል። የሚፈጨው ግን ምን ያህል ነበር? አሁን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ከቀኑ ሩቡን እንኳ አይሆንም።

ሐኪሙ ጆሮህን የወሰደው ወፍጮው ነው ብሎ ጻፈልኝ። አዎ አልኩት። ግን ልጄ፣ መፍጨቱ አይደለም የወሰደው። መጣራቱ ነው።

አባትሽ ጣሂር


ካምፓላ፣ ኪሱጉ
ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሳምንት ሁለት መስመር ብቻ የጻፍኩልዎ አልቅሼ ስለነበር ነው። ሰዓዳን አልተቆጣኋትም፤ ትንሽ ብቻ ነው የተቆጣኋት። እርስዎንም ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን ትቶኛል። ምን ቀረው ላሉት ግን መልስ አለኝ፤ እሱን ወደ ታች ያገኙታል።

እንዳሉኝ እትዬ ፋንቱ ወፍጮ በር ላይ በርጩማ ይዤ ሦስት ቀን ዋልኩ። ሰዓት በእጄ፣ ደብተር በጉልበቴ። ሞተሩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይዞራል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ። ከዚያ ውስጥ የፈጨበት ሲደመር ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ሌላውን ሁሉ ድንጋዩ ብድግ ተደርጎለት ባዶውን ይዞራል። አባዬ፣ እኔ እዚያ በር ላይ ሁለት ወር ተመላልሼ ይህን አላየሁም። ጠዋት ስደርስ ይጮሃል፣ ማታ ስደርስ ይጮሃል፣ እየፈጨ ነው ብዬ እገባለሁ። የወፍጮ ልጅ ስለሆንኩ ነው የተሳሳትኩት። ያደግሁበት ድምፅ ነውና ሊጠፋ የሚችል ነገር መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ቁጥሩን ለእትዬ ፋንቱ አሳየኋቸውና ለምን እንደማያጠፉት ጠየቅኋቸው። ያሉኝ የእርስዎኑ ቃል ነው። «ድምፅ ካልሰማ ሰው ዝግ ነው ብሎ ይመለሳል» አሉ።

«እትዬ፣ እስቲ ወደ መንገዱ እንውጣ» አልኳቸው። ከወፍጮው ሃምሳ እርምጃ ወጥተን ጂንጃ መንገድ ዳር ቆምን። የጭነት መኪናው፣ ታክሲው፣ የቦዳው ጥሩንባ! ወፍጮው እየሠራ ነበር፤ አንዳችን እንኳ አልሰማነውም። እትዬ ፋንቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «አሥራ አራት ዓመት ማንን ነው የምጣራው?» አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ እኔም ልቤ ተመለሰ።

አሁን እህል እስከ አራት ሰዓት ይሰበሰባል፣ በየተራው ይሰለፋል፣ ከዚያ ሞተሩ ይነሳል። ከሰዓት በኋላም እንደዚያው አንዴ። ማንም የማንንም አይቀላቅልም፤ ሁሉም የራሷን ቆማ ታስፈጫለች። ክፍት መሆኑን በቴሌግራም ያሳውቃሉ። ናፍጣው ለኩንታል ሁለት ሊትር ከሩብ ሆኗል። ሻይዬም ተመልሶልኛል።

አለቃዬ ሦስቱን ቀን የመዘገብኩበትን ደብተር ገጽ በገጽ አየችው። ይቅርታ አላለችኝም፤ ግን ቅጹን አወጣችና አዲስ ረድፍ ጨመረችበት፦ «ባዶውን የዞረበት ሰዓት።» በሁሉም ወፍጮዎች ላይ እንደገና ሊጠየቅ ነው። ውሌ ለአንድ ዓመት ታድሷል። ይህን ማን አሰበው ስትለኝ፣ ደጋን የሚኖሩ አንድ መስማት የተሳናቸው የወፍጮ ሰው ናቸው አልኳት። ጆሮ ቢኖርዎ ድንጋዩን ያዳምጡ ነበር አባዬ። ስለሌለዎት ጠየቁ። እኔ የምፈልገው ያንን ነው፣ የቀረዎትም እሱ ነው።

ሰዓዳ በላከችልኝ ብጣሽ ወረቀት ላይ የጻፉትን ጥያቄ አልረሳሁትም። ሞተሩ ሲጠፋ ምን ይሰማል ብለውኛል። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ሴቶቹ ደንግጠው ተያዩ፤ ተበላሸ እንዴ አሉ። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ የሚራመድ ወፍ ሰማሁ። ቀጥሎ አንዷ ሴትዮ አጠገቧ ወደቆመችው ዞራ «ቆይ፣ ስምሽ ማነው?» አለቻት። ሦስት ዓመት እዚያው በር ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ኖረዋል። በዚያ ጩኸት አንገት ነቅንቆ ሰላም ከመባባል በቀር ማን ማንን ይጠይቃል? አለምዘውድ፣ አለቻት ሌላዋ። ከዚያ በኋላ ወሬው አልቆመም፣ እትዬ ፋንቱ ሞተሩን ለማስነሳት ሲነሱ «ትንሽ ይቆዩን» ተባሉ።

ለዒድ ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ እመጣለሁ። ሰዓዳ «እንዴት ልታወሩ ነው?» አለችኝ። ሁለት ደብተር ገዝቻለሁ፣ አንዱ የእርስዎ ነው። ጓሮ ሞተሩ አጠገብ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እርስዎ ይጀምሩ፣ እኔ እመልሳለሁ።

ልጅዎ ናኢማ